ወንዙን ተሻግሮ ገና ቱርክ

ቱርክንና ግሪክን በየብስ የሚለየው ወንዝ ነው። ቡልጋሪያ ውስጥ ከሪላ ተራሮች የሚመነጨው ይህ ወንዝ በቡልጋሮች ማሪትሳ፣ በቱርኮች መሪች፣ በግሪኮች ኤቭሮስ ይባላል። ይሁንና ጓዙን በጀርባው አዝሎ፣ ከኢስታንቡል 240 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኤድርኔ የደረሰ መንገደኛ፣ የመሪችን ድልድይ በእግሩ ቢሻገርም ገና ከቱርክ አልወጣም።

ምክንያቱ የጦርነት ካሣ ነው። ከ1919 እስከ 1922 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከተካሄደው ጦርነት በኋላ ቱርክ ካሣ ጠየቀች፤ ግሪክ ግን የምትከፍለው ገንዘብ አልነበራትም። ስለዚህ በ1923 በሎዛን ውል፣ ከወንዙ ምዕራብ ያለችው ካራአጋች ከነባቡር ጣቢያዋ በገንዘቡ ፈንታ ለቱርክ ተሰጠች። የሚያስገርመው፣ ከኢስታንቡል ወደ ኤድርኔ የሚሄደው ባቡር እስከ 1971 ድረስ የግሪክን መሬት ሳያቋርጥ አይደርስም ነበር። ይህን ለተማሪዎች በካርታ ማሳየት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

በዚህ ሥፍራ ወሰኑ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ደረቅ መሬት ነው። መንገደኛው ካራአጋችን አልፎ በፓዛርኩሌ ኬላ የመውጫ ማኅተም ያስመታል፤ ጥቂት ተራምዶም በካስታኒየስ የግሪክን ኬላ ያገኛል። የቱርክ ቪዛ እዚያ አይሠራም።

ቪዛ የሌለው ሰው ዕጣ ሌላ ነው። ግሪክ በ2012 አጥር ያቆመችው በዚሁ ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ መንገዱ የተዘጋባቸውም ወደ ወንዙና ወደ ኤጂያን ባሕር ዞሩ። ወንዙ ብዙ ሰው በልቷል። በ2020 ቱርክ ወደ አውሮፓ የሚሻገሩትን ስደተኞች እንደማታግድ ባስታወቀች ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ፓዛርኩሌ ላይ ተከማቹ፤ ግሪክም በሯን ዘጋች።