ልባሱ ከመለጠፉ በፊት

ቡጎሎቢ ከካምፓላ መሐል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሉዚራና ወደ ፖርት ቤል በሚወስደው መንገድ የሚገኝ ሠፈር ነው። በላይ በኩል ኮረብታ፣ በታች በኩል የናኪቩቦ ረግረግ ስለሆነ፣ ዝናብ ባልሆነ ጊዜ ቀዩ አቧራ፣ ዝናብ በሆነ ጊዜ ደግሞ እርጥበቱ ከቤትም ከመኪናም አይለይም። በዚያ ሠፈር በሚኖር አንድ የአገራችን ሰው ቤት በእንግድነት ባረፍሁ ጊዜ ያየሁትን ለአንባብያን ለማካፈል አሰብሁ።

ወዳጄ ከጃፓን የመጣች ያገለገለች ነጭ መኪና አለችው። የኮፈኗ ቀለም ስለደበዘዘ፣ በተለምዶ «ስቲከር» የሚባለውን የቪኒል ልባስ በገዛ እጁ ሊያለብሳት ቆረጠ። የልባሱ ዋጋ የባለቤቱ የዕቁብ ገንዘብ ነበር። መኪናይቱን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ወልውሎ፣ ልባሱን በአንድ ቀን ለጥፎ ጨረሰ። በሦስተኛው ወር ዳር ዳሩ ተነሣ፤ ሲላቀቅም የኮፈኑ ቀለም አብሮ ተገሽልጦ ላሜራው ባዶውን ታየ። ወይዘሮይቱ ሁለተኛ ዕቁብ ሲደርሳት ገንዘቡን የሰጠችው፣ «መጀመሪያ መኪናዋን አዘጋጅ፤ እኔ ሳልመረምራት ጥቅልሉ አይፈታም» በሚል ውል ነው። በእኔ አስተያየት ፍርዷ ትክክል ነበር።

ቪኒል ከፕላስቲክ ወገን ነው። ደረቁን ፒ.ቪ.ሲ. ለስላሳና ተጣጣፊ የማድረግን ዘዴ በ1926 እ.ኤ.አ. ያገኘው ዋልዶ ሴሞን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነበር። ለመኪና የሚሆነው ልባስ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለውን ጉድለት አይሸሽግም፤ ይልቁንም ያጎላዋል። ሙጫውም በተፈለገ ጊዜ እንዲላቀቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ጀርመን በ1971 እ.ኤ.አ. ታክሲዎች ሁሉ የዝሆን ጥርስ መልክ እንዲኖራቸው ደንግጋ ስለነበር፣ ከጊዜ በኋላ ብዙ ባለታክሲዎች መኪናቸውን ቀለም ከመቀባት ይልቅ ልባስ ማልበስን ለመዱ፤ መኪናው ሲሸጥ ልባሱ ይገፈፍና የቀድሞው ቀለም ሳይጎዳ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግን ቀለሙ ከሙጫው ይልቅ ጠንክሮ ላሜራውን የያዘ እንደሆነ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው ቀለሙ ነው። ዩጋንዳ 15 ዓመት የሞላቸው መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2018 እ.ኤ.አ. ከልክላለች፤ ቢሆንም ያገለገለ መኪና በየጊዜው በየጋራዡ ስቱኮ የተሞላና እንደገና የተቀባ ሊሆን ይችላል። ጠንካራ ፕላስተር በቀለሙ ላይ አጥብቆ ለጥፎ በአንድ ጊዜ መንጨቅ ነው፤ ቀለም ይዞ ከመጣ፣ ልባሱም ይዞት ይመጣል። የተነሣው ቀለም ተፍቆ፣ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ፣ ጉድጓዱ በስቱኮ ተሞልቶ ሊቀባ ይገባል። አዲሱ ቀለም ከውስጡ የሚተንን ነገር ስላለው፣ ቢያንስ አንድ ወር ያህል ሳይደርቅ ልባስ ቢለጠፍበት አረፋ ያወጣል። ወዳጄ ይህን ወር በታላቅ ትዕግሥት አሳለፈ ለማለት አልደፍርም።

ከዚያ በኋላ እጥበቱ ይከተላል። ሳሙናው ሰም የሌለው መሆን አለበት፤ «ያብረቀርቃል» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ሙጫን የሚያንሸራትት ቅባት ትቶ ይሄዳል። ሬንጅ በማስለቀቂያው ይነሣል። በዓይን የማይታየው ሻካራ ነገር ደግሞ ለዚሁ ሥራ በሚሸጥ ጭቃ መሰል ነገር፣ ገጹን በሳሙና ውሃ እያራሱ ቀስ ብሎ በማሸት ይለቀቃል። መጥራቱን ለማወቅ እጅን በስስ ፌስታል ውስጥ አግብቶ መዳሰስ ነው። ባዶ እጅ ያልተሰማው አሸዋ በፌስታል ሲዳሰስ ጎልቶ ይሰማል፤ ያላመነ ይሞክረው።

ውሃ ተንኮለኛ ነው። ከስፖኪዮ ሥር፣ ከበር እጀታ ኋላ፣ ከመብራት ጎማና ከዓርማው ስንጥቅ ውስጥ ይደበቅና፣ ልባሱ ከተለጠፈ በኋላ እየወጣ ዳሩን ያነሣዋል። ስለዚህ ታጥባ አንድ ሌሊት ከጣሪያ በታች ማደር አለባት፤ በተለይ በካምፓላ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ ዝናብ ስለሚበዛ።

በማግሥቱ ገጹ አይሶፕሮፒል በተባለው አልኮል ይወለወላል። ሁለት ጨርቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ አልኮሉን ያስነካል፣ ሁለተኛው ሳይተንን ያደርቃል። አልኮሉ በራሱ ከተነነ ቅባቱ ተመልሶ ያርፋል። ናፍጣ የዘይት ቅሪት ስለሚተው ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። የበሩ ጠርዝ፣ የጎማው ቅስትና የፓራውርቱ ሥር ሁለት ጊዜ ሊጠረጉ ይገባል፤ ልባሱ የሚያልቀውም መላቀቅ የሚጀምረውም እዚያ ነው። አልኮል እሳት የሚስብ ስለሆነ፣ ከሰል ምድጃውና ልጆቹ ከአጠገቡ ይራቁ።

ካምፓላ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ በቀትር ፀሐይ ላሜራው እጅ ያቃጥላል። ለመለጠፍ የሚመቸው ጥላ ውስጥ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ወለሉም ቀዩ አቧራ እንዳይነሣ ውሃ ይርከፈከፍበታል። የልባሱ መልክ በሊብሬው ከተጻፈው ቀለም የሚለይ ከሆነ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል፤ ወዳጄ ነጩን በነጭ ስለሚያለብስ ከዚህ ጣጣ ድኗል።

እሑድ ከቀትር በኋላ ወይዘሮይቱ እጇን በፌስታል ውስጥ አግብታ ከኮፈኑ ጀምራ ዳሰሰች። በስተግራ ካለው መብራት አጠገብ ስትደርስ ቆም አለችና፣ «እዚህ አሸዋ አለ» አለች። ወዳጄ ምንም ሳይመልስ ባልዲውን አነሣ። ጥቅልሉም ያን ቀን ከካርቶኑ ሳይወጣ ዋለ።