ስለ ማግኔት ጫጫታ

ማግኔትን በረቂቁ ለመለካት የሚነሣ ሰው ሁለት ባላጋራ አለበት፤ አንደኛው ከውጭ የሚመጣ ረብሻ፣ ሁለተኛው ከመሣሪያው ከራሱ የሚወጣ ጫጫታ ነው። ጫጫታ ስንል በጆሮ የሚሰማውን ሳይሆን ልኩን የሚያደበዝዘውን መርገብገብ ማለታችን ነው።

የመጀመሪያው በአገራችን የታወቀ ነው። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957-58 እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም አገራችን በማግኔታዊው የምድር ወገብ አጠገብ መሆኗ ትልቅ ምክንያት ነበር። በዚያ መሥመር ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ይህ ጅረት የሚያመጣው መናወጥ ለሰማይ ተመራማሪ እህል፣ ለሌላው እንክርዳድ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስቸግራል። የሰው ልብ የሚያወጣው ማግኔት ከምድር ማግኔት ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ያንሳል፤ ይህን እንኳ የሚለካው ስኩዊድ የተባለው መሣሪያ ከሱፐርኮንዳክተር የተሠራ ነው። ሱፐርኮንዳክተር እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፍ አካል ነው። የቀድሞዎቹ በውድ ፈሳሽ ሂሊየም እስከ -269 ዲግሪ መቀዝቀዝ ነበረባቸው፤ መንዞች ባርኖስ ደርበው የሚያሳልፉት ውርጭ ከዚህ አጠገብ ሐሩር ነው! በ1986 እ.ኤ.አ. ቤድኖርዝና ሙለር በስዊስ አገር አዲስ ዓይነት አገኙ፤ በተከታዩ ዓመት በ-180 ዲግሪ የሚሠራ ተገኘ። ለዚህ -196 ዲግሪ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃል። ናይትሮጅን ከአየር ስለሚነጠር ርካሽ ነው፤ በአገራችንም ላም የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር በእርሱ አቀዝቅዘው በየገጠሩ ይዞራሉ።

ታዲያ ርካሽነቱ ዋጋ አለው። ማግኔት ወደነዚህ አካላት የሚገባው እኩል እኩል መጠን ባላቸው ቀጫጭን ክሮች ተከፋፍሎ ነው። ክሮቹ አካሉ ጉድለት ባለው ሥፍራ ሁሉ ተይዘው ይቀመጣሉ፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ። ሌሊት የቀበሮ ኮቴ ለመስማት ጆሮውን የቀሰረ እረኛ በጎቹ በጉረኖው ውስጥ ከተራገጡ ምን ይሰማል? ጫጫታው የሚበረታውም በዝግተኛ ለውጦች ላይ ነው፤ የልብም የምድርም ማግኔት የሚለዋወጠው በዝግታ ስለሆነ ጉዳቱ እዚያው ይወድቃል።

መሣሪያውን ከምድር ማግኔት ከልሎ ማቀዝቀዝ ይረዳል። ሜዳ ላይ ይህ ስለማይቻል አካሉን በጣም ጠባብ ጥብጣብ አድርገው ይሠሩታል፤ ስፋቱ ከጥቂት ሺኛ ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ክሩ መግቢያ ያጣል። የምድር ማግኔት በእኛ አገር ከዋልታዎቹ ይልቅ ደከም ያለ በመሆኑ ጥብጣቡ እዚህ ትንሽ ሰፋ ቢል ይፈቀድለታል።