የአሜሪካ «መስል ካር» እድሳት፦ የሞተሩ ቁጥር ለምን ከሞተሩ በላይ ይጠበቃል?

አንድ የቶርኖ ባለሙያ ያረጀ ሞተርን ፊት ለማስተካከል ከሞኖብሎኩ ላይ ጥቂት ብረት መላጉ የተለመደ ሥራ ነው። ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራ የሸቭሮሌት ካማሮ ዜድ 28 ሞተር ከሆነ ግን የሚላገው ብረት ብቻ አይደለም። ከቴስታታው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ገጽ ላይ በፋብሪካ የተመታው ቁጥርም አብሮ ሊላግ ይችላል። ከቁጥሩ ጋር፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሞተር እስከ ዛሬ መያዙን የሚያረጋግጠው ዋነኛ ማስረጃ ይጠፋል። ሞተሩ ከበፊቱ በተሻለ ይሠራ ይሆናል፤ የመኪናው ዋጋ ግን በአንድ ከሰዓት ሥራ እጅግ ሊወርድ ይችላል።

«መስል ካር» ወይም ጡንቸኛ መኪና የሚባለው መካከለኛ ወይም አነስተኛ መጠን ባለው አካል ላይ ኃይለኛ ቪ 8 ሞተር የተገጠመለት የአሜሪካ መኪና ነው። የዘመኑ መነሻ ብዙ ጊዜ ከ1964 ጀምሮ ይቆጠራል። በዚያን ወቅት ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪናዎቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ መሐንዲሶች ግን 389 ኪዩቢክ ኢንች (6.4 ሊትር) የሆነውን ሞተር ደንበኛው መርጦ የሚያስጨምረው ዕቃ አድርገው በማቅረብ ጂቲኦ የተሰኘውን መኪና ለገበያ አበቁ። ዘመኑ አጭር ነበር። የአየር ብክለት ደንቦች መጥበቅ፣ የመድን ክፍያ መናር፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች የጣሉት የነዳጅ ማዕቀብ ለእነዚህ መኪናዎች የነበረውን ገበያ አዳከሙት።

ዜድ 28 የተወለደው ለውድድር ነው። «ትራንስ አም» በተባለው ውድድር የሞተር መጠን ከ305 ኪዩቢክ ኢንች እንዳይበልጥ ተወስኖ ስለነበር፣ ሸቭሮሌት 302 ኪዩቢክ ኢንች የሆነ ሞተር አዘጋጀ። በመጀመሪያው የሞዴል ዓመት በ1967 የተሠሩት 602 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉትም ይህን ዓይነቱን መኪና ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይናገራሉ?

በ17 ፊደላትና አኃዞች የሚጻፈው የዛሬው የመኪና መለያ ቁጥር በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች የራሱ አጻጻፍ ነበረው። የ1969 ካማሮ መለያ ቁጥር 13 ምልክቶች አሉት። «124379N» ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ «1» ሸቭሮሌትን፣ «24» ባለ ቪ 8 ካማሮን፣ «37» የአካሉን ቅርጽ፣ «9» የሞዴል ዓመቱን፣ «N» ደግሞ በኦሃዮ ግዛት የሚገኘውን የኖርዉድ ፋብሪካ ያመለክታል። ቀጥሎ የሚመጣው የመኪናው ተራ ቁጥር ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር መኪናው ዜድ 28 ስለመሆኑ አንዳች አይናገርም። ማንኛውም ባለ ቪ 8 ካማሮ ተመሳሳይ አጀማመር ስላለው፣ ምልክቱንና ቀለሙን በመለወጥ ብቻ ተራውን መኪና ዜድ 28 አስመስሎ መሸጥ ይቻላል። ስለዚህ ገዢው ማስረጃውን ከሞተሩ መፈለግ ይኖርበታል።

በሞተሩ ላይ ሦስት ነገሮች ይነበባሉ። አንደኛው የመገጣጠሚያ ምልክት ነው፤ ለምሳሌ «V0412DZ» ቢል፣ ሞተሩ በፍሊንት ከተማ ሚያዝያ 12 ቀን የተገጣጠመ የ302 ሞተር መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛው የመኪናው መለያ ቁጥር ቅጂ ሲሆን፣ በዚያው ገጽ ወይም በዘይት ፊልትሮው አጠገብ ይመታል። ሦስተኛው ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ሲፈስ ጎልቶ የሚወጣው ቀን ነው። በዚህ ላይ ወራት ከ«A» እስከ «L» ባሉ ፊደላት ይወከላሉ፤ «D 8 9» ማለት ሚያዝያ 8 ቀን 1969 ማለት ነው።

የቀኖቹ ቅደም ተከተል መጣጣም አለበት፤ ብረቱ መጀመሪያ ይፈስሳል፣ ሞተሩ ቀጥሎ ይገጣጠማል፣ መኪናው መጨረሻ ይሠራል። በመጋቢት ወር የተሠራ መኪና በሚያዝያ የፈሰሰ ሞኖብሎክ ቢገኝበት፣ ያ ሞተር ኋላ የገባ ነው። አንድ ዓይነት ሞኖብሎክ ለ302 እና ለ350 ሞተሮች ያገለግል ስለነበር የብረቱ ቅርጽ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ትክክለኛ መለዋወጫ የሚባለው የትኛው ነው?

አዳሾች መለዋወጫን በሦስት ይከፍላሉ። የመጀመሪያው ከሌላ መኪና ላይ የተፈታ፣ ቀኑና ቁጥሩ የሚስማማ አሮጌ ዕቃ ነው። ሁለተኛው በዘመኑ በአምራቹ ተሠርቶ ሳይገጠም በመጋዘን የቆየ አዲስ ዕቃ ሲሆን፣ ብርቅና ውድ ነው። ሦስተኛው ዛሬ በሌሎች አምራቾች ተመስሎ የሚሠራው ነው። ለ1969 ካማሮ ሙሉ አዲስ አካል ሳይቀር ይሠራል። በተመሳሳይ ዕቃ መጠቀም ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው ለገዢው ሳይነገረው ሲቀር ነው። የጠፋን የሞተር ቁጥር በአዲስ ምት አስመስሎ መጻፍ ደግሞ እድሳት ሳይሆን ማታለል ነው።

የመለያ ቁጥር ሰሌዳው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የመኪናን መለያ ቁጥር ሆነ ብሎ ማንሳት ወይም መለወጥ ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በካንሳስ ግዛት አንድ የ1959 ኮርቬት የስፖርት መኪና ለምዝገባ ሲመረመር፣ ሰሌዳው ቀደም ሲል በእድሳት ወቅት ተነስቶ ተመልሶ የተመታ መሆኑ ተደረሰበት። መኪናውን በቅን ልቦና የገዛው ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ንብረቱ ተይዞበት ለዓመታት ተከራከረ። በ2022 ግዛቱ ሕጉን አሻሽሎ፣ ለጥንታዊ መኪና እድሳት ሲባል ሰሌዳን አንስቶ መመለስን ፈቀደ። ከዚህ የምንረዳው አንድ አዳሽ በግዴለሽነት የፈታው ሪቬት ሌላውን ሰው ንብረቱን ሊያሳጣው እንደሚችል ነው።

ከእድሳት በኋላ

የ1969ኙ የ302 ሞተር ለዛሬ ዘይትና ነዳጅ አልተሠራም። የቫልቭ ገፊዎቹ ከካምሻፍቱ ጋር እየተፋተጉ የሚሠሩ ስለሆነ በቂ ዚንክና ፎስፈረስ ያለው ዘይት ይፈልጋሉ፤ የብዙ ዘመናዊ ዘይቶች ይዘት ግን ተቀንሷል። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ሞቆ ሳለ 0.030 ኢንች (0.76 ሚሊሜትር ያህል) መሆኑ በየጊዜው ይፈተሻል። የመጭመቂያ መጠኑ 11 ለ 1 በመሆኑም ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ያስፈልገዋል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ነዳጅ የዘመኑን የላስቲክ ቱቦዎች ስለሚጎዳ፣ ቱቦዎቹ ኤታኖልን በሚቋቋሙ ይለወጣሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ መኪናው ባይነዳም በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት።

እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሉ ሞቃት ቦታዎች ራዲያተሩ፣ ቱቦዎቹና ጎማዎቹ ተጨማሪ ክትትል ይሻሉ። ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። «3519» ማለት የ2019 ዓመት 35ኛ ሳምንት ነው።

በጋራዥ ለሚሠሩ አንባቢያን ጠቃሚው ልማድ ቀላል ነው። አንድም ብሎን ከመፍታት በፊት እያንዳንዱን ቁጥርና ሰሌዳ ፎቶ ማንሳት፣ የተፈታውን ዕቃ ስም ጽፎ በየከረጢቱ ማስቀመጥ፣ አሮጌ ዕቃን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አለመጣል ያስፈልጋል። ሞኖብሎኩ ወደ ቶርኖ ቤት ሲላክም ቁጥሩ ያለበት ገጽ እንዳይነካ በጽሑፍ ማሳሰብና ባለሙያው ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ቦታውን በጣት ማሳየት ይገባል።