አትሮፒን የጸረ ተባይ መርዝን ጉዳት የሚቀንሰው ተቀባዮችን በመያዝ ነው

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላማ አካባቢዎች በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርቱ አርሶ አደሮች ጸረ ተባይ ኬሚካል ይረጫሉ። ማላታይንን የመሳሰሉ ኦርጋኖፎስፌት ኬሚካሎች ወደ ሰውነት ሲገቡ፣ አሴታይልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግዳሉ። አስተላላፊው ሲከማች ተቀባይ የተባሉትን የሴል ፕሮቲኖች ያለማቋረጥ ያነቃቃል፤ በዚህም ምራቅና ላብ ይበዛል፣ የዐይን ብሌን ይጠባል፣ መተንፈስ ያዳግታል።

ተቀባይን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር አጎኒስት፣ ቦታውን ይዞ ሳያነቃቃ የሚያግድ ደግሞ አንታጎኒስት ይባላል። አትሮፒን አንታጎኒስት በመሆኑ ሙስካሪኒክ ተቀባዮችን ይዞ የሳንባን ፈሳሽ ይቀንሳል። ሁለቱ ለአንድ ቦታ ስለሚሻሙ፣ የመድኃኒቱ መጠን ሳንባው እስኪጠራ ድረስ በባለሙያ ይጨመራል።

አትሮፒን የጡንቻን መዛል ግን አያስወግድም። ስለሆነም የተመረዘ ሰው የተበከለ ልብሱ ወልቆ፣ ገላው ታጥቦ፣ የኬሚካሉ ስም ተይዞ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መድረስ ይኖርበታል።