ቁማሩ ግብር ይከፍላል፤ ኪሳራውን ማን ይመዘግባል?

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ንግዱ ከባንክ ብድር ይልቅ በእምነት የቆመ ነው። ጫት ሰብሳቢው ከገበሬው ማሳ በዱቤ ያነሳል፣ ሸጦ ሂሳብ ይመልሳል። ጫት ካደረ ዋጋው ስለሚወድቅ ገንዘቡ ቶሎ ይሽከረከራል፤ በሰብሳቢው ኪስ ያለው ብር አብዛኛው የራሱ አይደለም።

ይህ ገንዘብ ለስፖርት ውርርድ የቀረበ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ቀላል ሆኗል። ሰብሳቢው በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ የገበሬውን ብር ቢበላ፣ ጉዳቱ ከእርሱ አልፎ ለገበሬው፣ ለጫኝ ሹፌሩና ለአከፋፋዩ ይተርፋል።

መንግሥት ከጨዋታው ድርሻውን ያውቃል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ይህ ግብር የሚቆጥረው ግን አሸናፊውን ነው። ተሸናፊው በየትኛውም መዝገብ አይገባም።

በምዕራብ ሐረርጌ ደግሞ ኪሳራውን መደበቅ ይቀላል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ ቁማር ሐራም ነው፤ የተበላ ሰው በግልጽ አይናገርም። የጫት ዋጋ በየዕለቱ ስለሚዋዥቅም «ገበያ ወደቀብኝ» ማለት ይበቃዋል። ስለዚህ ጥናቱ «ትጫወታለህ ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ ውጤት አያመጣም። የዱቤ መዝገብን፣ የዕቁብ መቋረጥን፣ የባጃጅ ባለንብረትና የሹፌርን የቀን ሂሳብ መመርመር ይኖርበታል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የቁማር ሱስን ከሌሎች ሱሶች ጋር መድቦታል። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በአቋማሪ ድርጅቶች ገቢ ላይ እንደየዘርፉ ከ0.1 እስከ 1.1 በመቶ መዋጮ ጥላለች። ከመዋጮው 20 በመቶው ለምርምር፣ 30 በመቶው ለመከላከል፣ 50 በመቶው ለሕክምና ይውላል።

እዚህም ከፈቃድ ክፍያው ጥቂት ሳንቲም ለጥናት ቢመደብ አጥኚ አይጠፋም። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚያው ጭሮ ነው ያለው። ነጋዴውም ዱቤ የሚሰጠው ሰው የሚከስረው በገበያ ይሁን በውርርድ ቢያውቅ፣ ገንዘቡን ለማን እንደሚያምን ይለያል።