ለባልንጀራው በማቀበል ስለ ከበረ ልጅ

በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከአምስቱ ተጫዋቾች አንዱ እንደ ድግስ አሳላፊ ነው፤ ኳሱን ይዞ ይመጣል፥ ማን በመልካም ስፍራ እንደ ቆመ አይቶ ያቀብለዋል፥ ነጥቡም በሌላው ስም ይጻፋል። በዚህ ሥራ የታወቀውን የአሜሪካዊውን የቦቢ ሐርሊን ታሪክ ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች ልናቀርብ ወደድን።

አባቱ ፍርድ ቤት በገደብ የለቀቃቸውን ሰዎች የሚከታተል ሹም ሲሆን፥ በጀርዚ ሲቲ ከተማ በቅዱስ አንቶኒ ትምህርት ቤት ኳስ ያሠለጥን ነበረ፤ ልጁንም እዚያው አስተማረው። ቦቢ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ዱክ ዩኒቨርስቲ ገባ። በ1990 ለዋንጫ በተደረገው ግጥሚያ የላስ ቬጋስ ዩኒቨርስቲ ቡድን 103 ለ73 ረታቸው። በዓመቱ ግን በግማሽ ፍጻሜ እነዚያኑ 79 ለ77 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ፤ በ1992ም ደገሙት። በ1993 ከዩኒቨርስቲው ሲወጣ ለነጥብ ያበቁ 1,076 ኳሶች አቀብሎ ነበር፤ ከእርሱ በፊት ይህን ያህል ያቀበለ የዩኒቨርስቲ ተጫዋች አልነበረም።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር፥ በሳክራሜንቶ ደመወዝተኛ ተጫዋች ሳለ፥ መኪናው ተገጭቶ እርሱ ወደ ውጭ ተወርውሮ ወደቀ፤ ለሞትም ተቃረበ። በ1994 ወደ ሜዳ ቢመለስም የቀድሞ ክብሩን አላገኘም። በ2010 ግን በታናሽ ወንድሙ በዳን ሥር ረዳት አሠልጣኝ ሆነ፤ በ2013 ለቡፋሎ ዩኒቨርስቲ ዋና አሠልጣኝነት በቃ።

ታላቅ ሆኖ ለታናሽ መታዘዝ ቀላል ነገር አይደለም። ነጥብ ማግባትን በሜዳ ይማሩታል፤ ማቀበልን ግን አስቀድሞ ከቤት የሚማሩት ይመስለናል።