ጨዋታው ሲበተን ጽሑፉ ይቆይ

አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ወረቀት፣ እርሳስና ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ አለ። አንዷ ትተርካለች፦ «ከገደል አፋፍ ደርሳችኋል። ድልድዩ ተሰብሯል። ምን ታደርጋላችሁ?» ከአራቱ አንዱ «እዘላለሁ» ይላል። ዳይሱ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ይሻገር ወይም ይውደቅ እንደሆነ ይወስናል። በእኛ ተረት አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ከተቀበለ በኋላ ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማል። በዚህ ጨዋታ ግን አድማጩ ራሱ ተረቱ ውስጥ ገብቶ የጀግናውን መንገድ ይመርጣል።

ይህ የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ይባላል። መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን የፈጠሩት ሲሆን፣ በ1974 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1,000 ቅጂ ወጡ።

ደንቡ ለጀማሪ የሚከብድ፣ ክፍተቱም ብዙ ነበር። ስለዚህ ተጫዋቾች እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ። በ1975 ሊ ጎልድ በሎስ አንጀለስ «አላረምስ ኤንድ ኤክስከርዥንስ» የተባለ መድብል መሠረቱ። ተጫዋቾች የየራሳቸውን ገጽ ጽፈው ይልኩ ነበር፤ እሳቸው ሰብስበው ለሁሉም ያሰራጩ ነበር። ይህ ሥራ ወደ ሃምሳ ዓመት ዘልቋል። በ1976 ደግሞ «ዘ ድራገን» መጽሔት ወጣ፤ እስከ 2007 ድረስም በወረቀት ታተመ። ኢንተርኔት ሲስፋፋ ይኸው የመጻጻፍ ልማድ ወደዚያ ተዛወረ። የደንብ ማብራሪያ፣ ተጫውተው ያበቁት ታሪክ ዘገባ፣ ለተራኪ የሚሆን ምክር፣ ካርታ፣ ተዘጋጅቶ የቀረበ ሙሉ ጀብዱ በሺዎች ተጻፈ።

ይህን ሁሉ ሰብስቦ የሚያቆይ የጽሑፍ ማኅደር እንዴት ይያዛል? ከዚያ በፊት ግን ለምን ይያዛል?

ከትዝታ ያለፈ ጥቅም

የሚና ጨዋታ በአፍ የሚኖር ነገር ነው። ሰዎቹ ከጠረጴዛው ሲነሡ የተጫወቱት ታሪክ አብሮ ይበተናል። የሚተርፈው የተጻፈው ብቻ ነው። የተጻፈው ደግሞ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ለታሪክ አጥኚ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከአርባ ዓመት በፊት የተጻፈን ጀብዱ አንድ ሰው ዛሬ ማታ አውጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ሊጫወተው ይችላል። ስለዚህ ማኅደሩ ከቤተ መዘክር ይልቅ ለመሣሪያ ቤት ይቀርባል፤ መዶሻው መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ምስማር መምታትም አለበት። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ ይነሣል፦ ጽሑፍን ማቆየት ማለት እንዲሠራ አድርጎ ማቆየት ነው።

እንዴት ይጠፋል?

ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር አይጠፋም የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። እውነቱ ሌላ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች ውስጥ 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ የማይገኙ ሆነዋል።

የሚና ተጫዋቾች ይህን በራሳቸው ላይ ደርሶ አይተውታል። በ2009 ያሁ ጂኦሲቲስ የተባለውን መድረኩን ሲዘጋ ተራ ሰዎች በነፃ የሠሯቸው እጅግ ብዙ ገጾች ከቦታቸው ተነሡ። በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ብዙውን ቢያተርፉም ሁሉንም አልደረሱበትም። ጎግል ፕላስ የተባለው ማኅበራዊ መድረክ ደግሞ ሚያዝያ 2 ቀን 2019 ለተራ ተጠቃሚዎች ተዘጋ። ቀድሞውን ሕዝብ ባይበዛበትም፣ የጥንቱን የጨዋታ ስልት የሚወዱ ደራሲያን ለዓመታት ሐሳብ የተለዋወጡት እዚያ ነበር። ጽሑፋቸውን አስቀድመው ያላወጡ ሰዎች ሥራቸውን አጡ። በሰው ግቢ የተተከለ ዛፍ፣ ባለግቢው ሊቆርጠው በፈለገ ጊዜ ይቆረጣል።

«ኢንተርኔት አርካይቭ» የተባለው፣ በ1996 በብሩስተር ካህል የተመሠረተው ድርጅት የድሮ ገጾችን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ውለታውም ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉንም ገጽ አይደርስበትም፣ ካርታና ሥዕልም አንዳንዴ ይጎድልበታል። አሮጌውን አድራሻ የማያውቅ ሰውም የሚፈልገውን ለማግኘት ይቸገራል። መተማመኛ ይሁን እንጂ ብቸኛ መጠጊያ አይሁን።

ቁጥሩ አንድ፣ ትርጉሙ ተቃራኒ

ማኅደር የያዘ ሰው የመጀመሪያ ሥራው በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ መለያ መጻፍ ነው፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ የት ወጣ፣ ለየትኛው ጨዋታና ለየትኛው እትም። የመጨረሻው ለዚህ ማኅበረሰብ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ተዋጊው ምን ያህል ከምት የተጠበቀ እንደሆነ በቁጥር ይገለጻል። በቀደሙት እትሞች ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ጥበቃው ይበረታል። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ይህን ገለበጠው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ሲል ነው ጥበቃው የሚጠነክረው። እንግዲህ «የጠባቂው መከላከያ 2 ነው» የሚል ጽሑፍ እትሙ ሳይጠቀስበት ቢቀመጥ ምን ይሆናል? በ1985 አንባቢ ዘንድ ጠባቂው በብረት የተሸፈነ ብርቱ ተዋጊ ነው። በዛሬ አንባቢ ዘንድ ግን ማንም የሚጥለው ምስኪን ይሆናል። ጽሑፉ አለ፤ የሚለው ግን ጠፍቷል።

ስህተት ሲገኝም እርማቱ ከነቀኑ ከግርጌ ይጻፍ፤ የቀድሞው ቃል በዝምታ አይደለዝ። በአሮጌው ጽሑፍ ላይ ተመሥርተው ሌላ የጻፉ ሰዎች አሉና።

አድራሻውን አትለውጡ

የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ በ1998 በጻፈው ምክር ጥሩ አድራሻ የማይለወጥ ነው ብሎ ነበር። አድራሻ የሚበላሸው በአብዛኛው በቸልታ ነው። ማኅደሩ አዲስ ገጽታ ሲሠራለት፣ ክፍሎቹ ሲደለደሉ፣ ፕሮግራሙ ሲቀየር የድሮዎቹ አድራሻዎች ይሰበራሉ፤ ከሌላ ቦታ ወደነሱ የሚያመለክተው ሊንክ ሁሉም ባዶ ላይ ይወድቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጽሑፉ የሚገኝበት አድራሻ ላይ የሚለዋወጥ ነገር፣ ማለትም የፕሮግራሙን ስም ወይም የክፍሉን ስም፣ አታስገቡ። ዓመቱና አጭር ርዕስ ይበቃል። መዛወር ግድ ከሆነ አሮጌው አድራሻ አንባቢውን ወደ አዲሱ እንዲያሻግረው አድርጉ። በየመንፈቁም ሊንኮቹን የሚፈትሽ ፕሮግራም አስኪዱ።

የደራሲው ፈቃድ

ብዙ ማኅደሮች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍ መውደድና መልሶ የማሳተም መብት መያዝ ይለያያሉ። በ1999 የዘ ድራገን መጽሔት 250 ዕትሞች በሲዲ ሲወጡ፣ ለአንድ ጊዜ ኅትመት ብቻ የተሰጡ ሥራዎች ያለ አዲስ ፈቃድ ገብተዋል የሚል ክርክር ተነሣ። በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ፣ ጋዜጦች የነፃ ጸሐፊዎችን ሥራ ያለ ፈቃዳቸው በኤሌክትሮኒክ ክምችት ማስገባት እንደማይችሉ ወሰነ።

ስለዚህ ጽሑፉን በምትቀበሉበት ቀን ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ደራሲው መብቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ማኅደሩ ግን ሳይወሰን የማስቀመጥና ወደ ሌላ ቅርጽ የማዛወር ፈቃድ ያገኛል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባሉት ዝግጁ ፈቃዶች እዚህ ላይ ይረዳሉ። በጥር 2023 የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ከ2000 ጀምሮ የነበረውን የጨዋታውን ክፍት ፈቃድ ሊለውጥ መሆኑ ሲሰማ የተጫዋቾች ተቃውሞ በረታ። በዚያው ወር መጨረሻ ኩባንያው የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንብ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ለቀቀው። የዚህ ፈቃድ ትልቁ ጥቅም አንዴ ከተሰጠ የማይሻር መሆኑ ነው። ማኅደር የሚያርፍበት መሠረት እንዲህ ያለ ነው የሚያምርበት።

በልጅነቱ የጻፈ ሰው ዛሬ ስሙ እንዲነሣለት ቢጠይቅ ደግሞ እሺ ማለት ያስፈልጋል። ስሙን አንሥቶ ጽሑፉን ማስቀረት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ወገን ያስማማል።

የሚነበብ ቅርጽ

ጽሑፍ በተራ ፊደል፣ በቀላል የድረ ገጽ ቅርጽ ሲቀመጥ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። በአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ላይ የተንጠለጠለ ነገር ግን ከፕሮግራሙ ጋር ይሞታል። አዶቤ ፍላሽ የተባለውን ፕሮግራሙን በ2020 መጨረሻ መደገፍ ሲያቆም በሱ የተሠሩ ካርታዎችና መለማመጃዎች መከፈት አቃታቸው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ሰው በየራሱ የፊደል ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ያን ጊዜ የተጻፈ ፋይል ዛሬ ያለዚያ ፕሮግራም ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። እንዲህ ያለ ፋይል በእጁ ያለ ሰው ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ ቢያዛውረው ይሻላል። በአማርኛ ማኅደር የሚይዝ ሰው ደግሞ መፈለጊያውን «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን እንደ አንድ ቃል እንዲያይ ማድረግ አለበት፤ አለበለዚያ ግማሹ ጽሑፍ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

ቅጂና ተረካቢ

የተለመደው ደንብ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። ወጪው አያስፈራም። ሁለት ሺህ ቃል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ያለ ሥዕል ከ30 እስከ 40 ኪሎባይት ቢወስድ ነው፤ አንድ ሺህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በስልክ የተነሡ አሥር ያህል ፎቶዎችን ቦታ ነው የሚይዘው። ግን ቅጂ ተቀምጧል ብሎ መተኛት አይበቃም። በዓመት አንዴ ከቅጂው ላይ ማኅደሩን እንደገና አቁሞ መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል።

ከማሽን ይልቅ ብዙ ማኅደር የሚወድቀው በሰው ነው። የድረ ገጹ ስም ኪራይ በአንድ ሰው ካርድ ይከፈላል፤ የይለፍ ቃሉም በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ነው። ያ ሰው ሲታመም፣ ሥራ ሲበዛበት ወይም ሲሰለቸው ሁሉም ይቆማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አንዱ ፈቃድ ይከታተል፣ አንዷ ሊንክ ትፈትሽ፣ ሌላው ቅጂ ያስቀምጥ፤ ቁልፉም ቢያንስ በሦስት ሰው እጅ ይሁን።

መዝጋት ቢመጣ እንኳ ደግ አዘጋግ አለ። በሮን ኤድዋርድስና በክሊንተን ኒክሰን ይመራ የነበረው «ዘ ፎርጅ» የሚና ጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የተብላላበት የኢንተርኔት መድረክ ነበር። በ2012 አዲስ ጽሑፍ መቀበል ሲያቆም የተጻፈውን አላጠፋም፤ አንባቢ እንዲያየው ትቶ ነው የተዘጋው።

ለመጀመር ትልቅ ድርጅት አያስፈልግም። የምትወዱትን አንድ ጽሑፍ ምረጡ፤ ዛሬም ይከፈት እንደሆነ እዩ፤ ደራሲውን ፈልጋችሁ አስፈቅዱ፤ ከነቀኑና ከነእትሙ አስቀምጡት። ከሃያ ዓመት በኋላ አንዲት ተራኪ ያን ጽሑፍ ከጠረጴዛዋ ላይ ትዘረጋለች፤ «መከላከያው 2 ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ከጎኑ የጻፋችሁትን እትም ታያለች። ጠባቂውም ደራሲው እንዳሰበው ብርቱ ሆኖ በሩ ላይ ይቆማል።